የባዶው መቃብር ጠባቂ

የእህቴ ባል ያዱላህ ጉረኛ ነበር። ይህን የምለው ሞቶ አፉን ስለያዘልኝ አይደለም፤ በቁሙም ፊት ለፊቱ ብዬዋለሁ። እሱም «ሰኪና፣ ምላስሽ ከመርፌሽ ይረዝማል» ይለኝ ነበር። ሥራዬ ጥጥ የተሞላ ድርብ የአልጋ ልብስ መስፋት ነው። በናርዳሽት ከተማ በእኔ ድርብ ሥር ያልተኛ ሙሽራ ስለሌለ፣ የማን ትዳር እንደሞቀ የማንስ እንደበረደ ከእኔ አይሰወርም። የእህቴ የማህሩ ገና ከጅምሩ በርዶ ነበር።

ናርዳሽት በጨው በረሃው ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ያላት ሮማን፣ አቧራና አንድ የመቃብር ግንብ ነው። ሮማኑን ነጋዴ ይወስደዋል፤ አቧራው ለእኛ ይቀራል፤ ግንቡን ያዱላህ ወሰደው።

ግንቡ ጥሩ ግንብ ነው፣ አልክድም። ከተተኮሰ ሸክላ ጡብ የተሠራ፣ ክብ፣ ከሥሩ ሰፋ ብሎ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ነው። አናቱ ላይ እንደ ሾጣጣ ቆብ ያለ ጣሪያ ደፍቷል። ውስጥ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ግን የሚያየው ሾጣጣ ሳይሆን የተድቦለቦለ ጉልላት ነው፤ በሁለቱ መካከል ርግብ ብቻ የሚኖርበት ባዶ ቦታ አለ። አንደኛው ጣሪያ ዝናብ እንዲመልስ፣ ሌላኛው ከውስጥ ለሚያየው ሰው እንዲያምር ነው። ጡቦቹ አንዱ ወጣ አንዱ ገባ፣ አንዱ ቆሞ አንዱ ተጋድሞ ስለተደረደሩ ጥላቸው እንደ ጥልፍ ነው፤ ፀሐይ ስትዞር ጥልፉም ይለዋወጣል። ከጣሪያው ሥር ደግሞ ግንቡን እንደ መቀነት የሚዞር፣ ፊደሉ ከጡብ ተጠርቦ የተሠራ ጽሑፍ ነበረው። ነበረው ነው የምለው። እደርስበታለሁ።

እኛ ልጆች ሳለን ግንቡን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። ገለባ ይከመርበታል፣ በበጋ ፍየል ይጠለልበታል። የያዱላህ አባት የጨርቅ ጫማ ሰፊ ነበሩ። ጠዋት በግንቡ ጥላ ውስጥ ቁጭ ይላሉ፤ ጥላው ሲዞር እሳቸውም ከነመርፌያቸው ይዞራሉ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ማንንም ክፉ ተናግረው አያውቁም። የቤተሰባቸው ስም ጊቬዱዝ ነበር፣ የጨርቅ ጫማ ሰፊ ማለት ነው። ያዱላህ በዚህ ስም ያፍራል። ትምህርት ቤት ስሙ ሲጠራ «አቤት» ከማለት ይልቅ ያስላል።

ንጉሡ ሻህ የአገሪቱ ዘውድ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሞላው ብሎ ለበዓሉ ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን፣ ወይዘሮ ፋርዛኔ የሚባሉ የጥንት ጽሑፍ አንባቢ ከቴህራን መጡ። ንጹሕ ክፍል ያለው እኛ ቤት ብቻ ስለነበር እኛ ዘንድ አረፉ። ያዱላህ ያኔ ማህሩን አጭቶ ስለነበር ጠዋት ማታ ከቤታችን አይጠፋም።

«እስቲ መሰላሉን ያዝልኝ» አሉት ሴትየዋ።

«ኧረ እመቤቴ፣ እርስዎ ምን ሊሆኑ ይወጣሉ? እኔ እወጣልዎታለሁ።»

«ኩፊን፣ የጥንቱን የዓረብ ፊደል ታነባለህ?»

«አላነብም። ግን ከፍታ አልፈራም።»

ሴትየዋ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ራሳቸው ወጡ፣ አነበቡ፣ ጻፉ። ፎቶ ሊያነሱ ከወረዱ በኋላ ግን አጅሬ መሰላሉን ጫፍ ድረስ ወጥቶ፣ ጸጉሩን በምራቁ አስተካክሎ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ቆመ። ውረድ ቢሉት «መጠኑ እንዲታወቅ ሰው ያስፈልጋል» አላቸው። ይህን ከየት እንደሰማው እንጃ።

ማታ እራት ላይ አባቴ «ምን ይላል ታዲያ ያ ሁሉ ጡብ?» ብለው ጠየቁ።

«‹ይህን ቤት አሚር ባህራም የሺርዛድ ልጅ በሕይወቱ ሳለ ለራሱ አሠራ› ይላል» አሉ ወይዘሮ ፋርዛኔ። «ከሞንጎሎች ወረራ በፊት በሰልጁቅ ሱልጣኖች ዘመን የዚህ አገር ገዢ ነበር። ዜና መዋዕሉ ብዙም ደግ ነገር አልጻፈለትም። የጎረቤት መንደሮችን የውሃ ቦይ ዘግቶ፣ አትክልታቸው ሲደርቅ መሬታቸውን ነጠቀ። በመጨረሻ በሱልጣኑ ላይ ሸፍቶ በረሃ ላይ ተያዘ። ራሱን ቆርጠው ለሱልጣኑ ላኩለት። አካሉ የት እንደቀረ አይታወቅም።»

«ስለዚህ እዚያ ውስጥ የለም?»

«ነገ ከወለሉ በታች ያለውን ጉድጓድ ስንከፍት እናያለን።»

በማግስቱ ተከፈተ። ግማሹ ከተማ ተሰብስቦ አየ። በደንብ የተሠራ፣ ጡቡ ትናንት የተደረደረ የሚመስል የመቃብር ክፍል ነው፤ ውስጡ ግን የፍየል ራስ ቅልና የተሰበረ ገንቦ ብቻ ነበር። አባቴ እስኪያነቡ ሳቁ። «ሰውዬው ይህን ሁሉ ደክሞ ለፍየል ሠራ!» አሉ።

ከዚያ ሁሉ ታሪክ ያዱላህ የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነው፦ አሚር። የተነጠቀውን መሬት አልሰማም፣ የተቆረጠውን ራስ አልሰማም። ብዙም ሳይቆይ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ የቤተሰብ ስሙን አሚርዛዴ አስብሎ ተመለሰ፤ የአሚር ዘር ማለት ነው። አባቱ በግንቡ ጥላ ሥር እንደተቀመጡ ቀና ብለው «እንግዲህ እኔ ምንህ ልሆን ነው?» አሉት። እሱ አልፏቸው ሄደ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው መስፋታቸውን ቀጠሉ። እኔ በዚያች ቀን ናቅሁት፤ ምክንያት ፍለጋ ብዙ መሄድ አላስፈለገኝም።

ማህሩ ግን አገባችው። መልከ መልካም ነበር፣ ይህንንም አልክድም። ለበዓሉ የመጣው አገረ ገዢ በግንቡ በር ላይ ሲቆም፣ የኪራይ ሱፍ የለበሰ ያዱላህ «እንኳን ወደ አያቴ ቤት በደህና መጡ» ብሎ እጁን ጨበጠው። አገረ ገዢው የግንቡን ቁልፍ አስረከበው። ገለባው ወጣ፣ ፍየሉ ተባረረ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ «ያዱላህ» ብሎ የጠራው ሰው ዘወር ብሎ አያየውም ነበር፤ «አጋ አሚርዛዴ» ተብሎ በጌትነት ሲጠራ ግን ከገበያው ማዶም ቢሆን ይሰማል።

ከዚያ ሻሁ ወደቀ። በየከተማው ሐውልት ሲገረሰስ፣ የመንገድ ስም ሲፋቅ ሰነበተና «የጨቋኞች መቃብር ይፍረስ» የሚለው ወሬ እኛም ዘንድ ደረሰ። አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ጥጥ አስጥቼ ሳለሁ ሁለት ጎረምሶች ዶማ ተሸክመው ወደ ግንቡ ሲሄዱ አየሁ። ያዱላህ ከቤቱ ሮጦ ወጣ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ ጺሙን አሳድጓል፤ ከረባቱ የት እንደገባ እንጃ።

«ወንድሞቼ፣ እጃችሁን ሰብስቡ! የማን ማረፊያ መሰላችሁ? አረንጓዴ ጥምጥም የጠመጠሙ ሰው በሕልሜ መጥተው ‹ያዱላህ፣ ቤቴን ጠብቅ› ብለውኛል!»

«ያንተ አያት መቃብር አይደል እንዴ?» አለው አንዱ።

«አያቴ? የምን አያት? እኔ የጫማ ሰፊ ልጅ ነኝ! የድሃ ልጅ ነኝ!»

በሕይወቱ ጮክ ብሎ ሲናገረው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አባቱ ሞተው ስለነበር አልሰሙትም።

ጎረምሶቹ ጥቂት አንገራግረው ሄዱ። የያዱላህና የማህሩ ልጅ ታራኔ እስከ ዛሬ «አክስቴ፣ አባቴ ባይኖር ግንቡ አይኖርም ነበር» ትለኛለች። ተዪኝ እባክሽ እላታለሁ። ያ ግንብ ሞንጎል ያየ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ያየ ነው። ጎረምሶቹ ጡቡን አንዴ መትተው እጃቸው ሲነዝራቸው ቆመው ይተያዩ ነበር፤ የምሳቸውም ሰዓት ደርሶ ነበር። ታራኔ አታምነኝም። አባቷ ነው፣ ምን ታድርግ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ማንም አያስተባብልልኝም። ጽሑፉ አሚር ስለሚል፣ ያዱላህ ሲሚንቶ አስመጥቶ፣ አቡክቶ፣ መወጣጫ አቁሞ ያንን የጡብ መቀነት ከዳር እስከ ዳር ለሰነው። በላዩ ላይ ኖራ ቀባ፤ በኖራው ላይ በአረንጓዴ ቀለም የነቢዩ ዘር ነው ያለውን፣ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን የሰይድ መስዑድን ስም ጻፈ። ባዶው ጉድጓድ ላይ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አስቀምጦ አረንጓዴ ጨርቅ አለበሰው። በሩ ላይ የሻማ ማብሪያ አኖረ። አጋ አሚርዛዴ ቀረና ማሽሃዲ ያዱላህ ተወለደ፤ ማሽሃድ የምትባለውን ቅዱስ ከተማ ተሳልሞ የመጣ ሰው የሚጠራበት ስም ነው። የተሳፈረው አውቶቡስ ማሽሃድ መድረሱን እንጃ፣ እሱ ግን ስሙን ይዞ ተመለሰ።

እህቴን ለብቻዋ ይዤ አፋጠጥኋት።

«ማህሩ፣ ጉድጓዱ ባዶ መሆኑን በዓይንሽ አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ሻማ ልታበራ የመጣች ሴት ሁሉ ‹ባዶ ነው ወይ?› ብላ አትጠይቀኝም። ሾርባ አለ ወይ ነው የምትለኝ። ሾርባ አለ።»

እንዲህ ነበረች። እሱ ይዋሻል፣ እሷ የስለቱን ሾርባ ታማስላለች። ከጎረቤት አገር ጋር ጦርነቱ ሲመጣ ሾርባው በትልቅ ጎላ ሆነ። ልጆቻቸው ግንባር የሄዱ እናቶች ከየመንደሩ እየመጡ በመስኮቱ ብረት ላይ ጨርቅ ያስራሉ፣ ሣጥኑን አቅፈው ያለቅሳሉ። የመንደር ውሃ የዘጋ ወንበዴ፣ እሱም ያልተኛበት መቃብር ላይ ማለት ነው። ያዱላህ በዚህ መሃል መቁጠሪያውን እያንከባለለ «ሰይዱ ሰምተውሻል፣ ሂጂ» ይላል። በግ ይቀበላል፣ ምንጣፍ ይቀበላል፣ ዶሮ እንኳ አይመልስም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የናኔ ሰደፍ ነገር ነው። ናኔ እናታችን እንደማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ እንዲያ ይጠራቸዋል። ብቸኛ ልጃቸው ፈሪዱን ግንባር ላይ የደረሰበት ጠፋ። ያዱላህ «በሕልሜ ታይቶኛል፤ በሕይወት አለ፤ ለአዲስ ዓመት ይመጣል» አላቸው። አዲስ ዓመት መጣ፣ ፈሪዱን አልመጣም። «ሰይዱ ያሉት ለሚመጣው ነው፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ» አለ። አሮጊቷ ቤት ውስጥ ያለቻቸውን አንድ ምንጣፍ ጠቅልለው አመጡለት፤ ተቀበለ። ይህን በሰማሁ ጊዜ መርፌዬን ድርቡ ላይ እንደተሰካ ትቼ ሄድኩ።

ናኔ ሰደፍ ሣጥኑን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ያዱላህ ውጭ በግ እየጎተተ ነው።

«ናኔ፣ ይነሱ፣ ቤትዎ ይግቡ» አልኳቸው። «እዚህ ውስጥ ማንም የለም። ሰይድ የለም፣ አሚር የለም። ይህ ሰው እያጭበረበረዎት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ልጄ ሰኪና፣ ያኔ ጉድጓዱ ሲከፈት እኔም ቆሜ አይቻለሁ። አረጀሁ እንጂ አልታወርኩ።»

«ታዲያ ለምን ይመጣሉ?»

«የት ልሂድ? ፈሪዱን መቃብር የለው። የሌሎቹ እናቶች ልጃቸው መቃብር ላይ ውሃ ያፈሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ያወራሉ። እኔም ባዶ ቤት አግኝቼ ተቀመጥኩ።» ወደ በሩ በአገጫቸው አመለከቱ። «ያንን ቀባጣሪ ደግሞ ዝም በይልኝ። ልጅሽ ሞቷል የሚለኝ ሞልቷል። ይመጣል የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።»

ወጣሁ። በሩ ላይ ያዱላህ «ደግሞ ምን ልትነካኪ መጣሽ?» አለኝ። ፊቱን አየሁት። አሮጊቷ የሚያውቁትን አያውቅም፤ ያታለላቸው መስሎት ደረቱን ነፍቷል። የሚያዝኑለትን ሴት እየዘረፈ መሆኑ እንኳ አልገባውም። ንቀቴ በዚያ ቀን ይቀንስ ይሆናል የሚል ካለ ተሳስቷል፤ እጥፍ ሆነ። ምንጣፉን ግን በዚያው ሳምንት ማህሩ ተሸክማ ሄዳ መለሰችላቸው። ለባሏ ምን እንዳለችው አልነገረችኝም።

ጦርነቱ ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ የፈሪዱን አጽም በትንሽ ሣጥን መጣ። ናኔ ሰደፍ ልጃቸውን ቀበሩ፣ ወደ ግንቡም መምጣት ተዉ። ሌሎቹም ሴቶች እየቀሩ ሄዱ። አረንጓዴው ጨርቅ ፀሐይ በላው።

ያኔ ደግሞ ቱሪስት የሚባል ነገር መጣ። መኪና የያዙ የቴህራን ሰዎች፣ አልፎ አልፎም ካሜራ ያንጠለጠሉ የውጭ አገር ሰዎች በናርዳሽት ማለፍ ጀመሩ። «የሰልጁቅ ግንብ የታለ?» ይላሉ። ያዱላህ የሰይድ መስዑድን ሣጥን ሊያሳያቸው ሲጎትታቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። አጅሬ ይህን ለማየት ብዙ ቀን አልፈጀበትም። ሣጥኑ ወጣ፣ ጨርቁ ወጣ፣ ጺሙ ተላጨ። ባርኔጣ ገዛ። እንደገና አሚርዛዴ ሆነ። የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ «አያታችን ስሙ ማነው?» እያሉ እናታቸውን ይጠይቁ ነበር።

ጽሑፉ ግን ከሲሚንቶው ሥር ነው። ከቅርስ ጥበቃ የመጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ አይቶ ራሱን ያዘ።

«አጋ አሚርዛዴ፣ ማነው ይህን ያደረገው?»

«አላዋቂዎች» አለ ያዱላህ፣ ዓይኑን ሳያሽ። እኔ ከጀርባው ቆሜ ነበር።

«እንግዲህ ይስሙኝ» አለ መሐንዲሱ። «ሲሚንቶ ከዚህ ጡብ ይጠነክራል። በጉልበት ከላቀቁት የጡቡን ፊት ይዞ ነው የሚመጣው። በቀጭን መሣሪያ፣ በትዕግሥት ነው የሚነሣው። ባለሙያ እስክልክ ማንም እንዳይነካው።»

«ለአያቴ ጽሑፍ ነው የምታዘኝ?»

«እባክዎን፣ እንዳይነኩት ብቻ።»

መሐንዲሱ ሄደ። ባለሙያው ዘገየ፤ የመንግሥት ነገር ያው ነው። አዲስ ዓመት ደግሞ ደረሰ፤ እንግዳ በብዛት የሚመጣበት ጊዜ ነው። ያዱላህ መጠበቅ አልሆነለትም። በዚያ ዕድሜው መወጣጫ አቁሞ፣ መሮና መዶሻ ይዞ ወጣ። ማህሩን መሰላል አስያዛት። እኔም እህቴ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ አጠገቧ ቆምኩ።

«ውረድ» አልኩት። «ሰውየው እንዳትነካው ብሎሃል።»

«አንቺ ድርብሽን ስፊ!»

መጀመሪያ ኖራው ረገፈ። ቀጥሎ ሲሚንቶው በትንሽ በትንሹ ተነሣ፤ ከሥሩ የአንድ ፊደል ጫፍ ብቅ አለች። «አያችሁ! አያችሁ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ መዶሻውን ጠንከር አደረገው። ጠፍጣፋ ነገር ተገምሶ መጥቶ እግራችን ሥር ፈነዳ። ዝቅ ብዬ አየሁ፤ አንደኛው ፊቱ ሲሚንቶ ነው፣ ሌላኛው የተጠረበ ጡብ። ወደ ላይ አየሁ፤ ፊደሉ የነበረበት ቦታ እንደተላጠ ቁስል ቀይ ሆኗል።

አላቆመም። የምንቀውም በዚህ ነው። ሰው ይሳሳታል፤ መጀመሪያው ሲወድቅ ግን ይቆማል። እሱ «የሚቀጥለው ይሆናል፣ የሚቀጥለው ይሆናል» እያለ ግንቡን ዞረ። ማህሩ ከታች «ያዱላህ፣ በቃህ» ትላለች፣ አይሰማም። ሺርዛድ ወደቀ፣ ባህራም ወደቀ፣ አሚር የምትለው ቃል ብትንትኗ ወጣ። ሞንጎል ያልነካውን እሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰው። ሲወርድ ከጽሑፉ የቀረው «ይህን ቤት» የሚለውና «ለራሱ አሠራ» የሚለው ብቻ ነበር።

ስብርባሪውን በባርኔጣው እየለቀመ ግቢ አስገባ። የማህሩን አሮጌ ድርብ አንጥፎ፣ ቁርጥራጩን እያገላበጠ ሊገጣጥም ሞከረ። ማንበብ አይችል፣ ምኑን ከምኑ ይግጠም? ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን። ታራኔ እያባበለችው ነበር። እኔ አላባበልኩትም። የገዛ አባቱን ስም ሲጥል ዓይኑ እርጥብ አላለም፤ ናኔ ሰደፍን ሲዋሻቸው አላለቀሰም። ደግሞም የሚያለቅሰው ለግንቡ ነው ወይስ ለአሚርዛዴ፣ እሱም ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም።

መሐንዲሱ መጣ። የወይዘሮ ፋርዛኔን ፎቶ ከመዝገብ ቤት አስፈልጎ አስመጣ፤ ሴትየዋ ከዚህ ዓለም ከተለዩ ቆይተዋል። ንባባቸው በጽሑፍ አለ፤ የፊደሉን ቅርጽ የሚያሳይ ፎቶ ግን ያ አንዱ ብቻ ነው። እነማህሩ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ጡቡ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የአሚሩ ስም በሚገኝበት ቦታ ላይ ግን አንድ ጸጉሩን በምራቅ ያስተካከለ ወጣት ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ቆሟል። መሐንዲሱ ሽማግሌውን አየ፣ ፎቶውን አየ። «እርስዎ ነዎት?» አለው።

«ወጣት ሳለሁ» አለ ያዱላህ፣ ጥቂትም ኮራ ብሎ።

ስለ እርጅናው እስር ቤት አላስገቡትም። ቁልፉን ግን ወሰዱበት፤ በግንቡ ዙሪያ አጥር ታጠረ፣ አስጎብኚ የሆነች ወጣት ተቀጠረች። ያዱላህ ከአጥሩ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይውላል። አስጎብኚዋ በየቀኑ «ጽሑፉን አንድ አላዋቂ የአካባቢው ሰው አጠፋው» ትላለች፤ እሱም በየቀኑ ከአጥሩ ማዶ ይጮሃል፦ «አላዋቂ አትበይ! ቀናኢ ነበር በይ!» ቱሪስቶቹ የሰፈሩ እብድ ነው ብለው ፎቶ ያነሡታል። እሱ ባርኔጣውን ያስተካክላል።

አንድ ጠዋት ማህሩ ሻይ ስታቀርብለት «ጥፋቱ ያንቺ ነው፣ መሰላሉን አወዛወዝሽብኝ» አላት። እህቴ የሻዩን ትሪ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ መከናነቢያ ቻዶሯን ደረበች፣ መንገዱን ተሻግራ እኔ ቤት ገባች። ትራስ ሰጠኋት፣ ተኛች።

እሱ በማግስቱ በሩን አንኳኳ።

«ማህሩን ጥሪልኝ።»

«ማን ልበላት? ልዑሉ ነህ፣ ማሽሃዲው ነህ?»

«ሰኪና፣ አትቀልጂብኝ። እኔ ነኝ።»

«እሱን አላውቀውም» ብዬ ዘጋሁበት። ከውስጥ ማህሩ ስትስቅ ሰማሁ። ያዱላህን ካገባች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

በርካታ ወራት እኔ ዘንድ ኖረች። ጥጥ ትነድፍልኛለች፣ ሬዲዮ ትሰማለች። ከዚያ እሱ ስትሮክ መታው፤ ግማሽ ፊቱ ወረደ፣ አንድ እግሩ ተጎተተ። ማህሩ ልብሷን ሰብስባ ተመለሰች።

«ልትሄጂለት ነው? ለዚያ ሰው?» አልኳት።

«የታመመ ሰው ውሃ ይጠማዋል» አለች። «አንቺ እዚህ ሆነሽ ስደቢው፣ እኔ አጠጣዋለሁ።»

መሞቻው እንደቀረበ ሲያውቅ በምርኩዝ እየተጎተተ ቤት ለቤት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ፤ እኛ ዘንድ ወግ ነው። ናኔ ሰደፍ ቤት ገብቶ ብዙ ቆየ፤ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ሲወጣ ግን ከገባበት ይልቅ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ምናልባት አውቄ ነበር ብለውት ይሆናል። ደስ ይለኛል። ከዚያ እኔ ዘንድ መጣ።

«ሰኪና፣ በደሌን ይቅር በይኝ» አለ በተጣመመ አፉ።

«እኔን ምን በደልከኝ?»

«ማህሩን።»

«እሱን እሷን ጠይቅ።»

«ጠየቅኋት።»

«ምን አለችህ?»

«‹ሾርባህን ጠጣ› አለችኝ።»

«እንግዲያ ጠጣ» አልኩት። ይቅር አላልኩትም። ታራኔ በዚህ እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች፤ ታኩርፍ። ይቅርታ ሰው ለማያውቀው ኃጢአት አይሰጥም፤ እሱ በደሌ ሲል ስሙን ይጠራል እንጂ ነገሩን አያውቀውም።

ሮማን በሚለቀምበት ወቅት ሞተ። በግንቡ ሥር ቅበሩኝ ብሎ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ አይሆንም አሉ፣ ደግ አደረጉ። በከተማው መቃብር ውስጥ፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ አፈር ውስጥ ገባ። ሐዘኑ ላይ ሰዎች «ግንቡን ያቆየልን» እያሉ ሲያሞግሱት ቻዶሬን አፌ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ።

አርባው ካለፈ በኋላ ታራኔ እናቷን ካስፒያን ባሕር ወሰደቻት። ማህሩ በዕድሜዋ ከናርዳሽት ርቃ አታውቅም፤ ባል አለ፣ ሾርባ አለ። ሳምንት ቆይታ ተመለሰች።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

«እርጥብ ነው» አለችኝ። «ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ልብስ አይደርቅበትም። ትርጉም የለውም፣ ውሃ ብቻ ነው።» ጫማዋን አውልቃ አሸዋውን ደጃፌ ላይ አራገፈች። «በሚመጣው ዓመት አንቺም ትሄጃለሽ» አለችኝ፣ ትእዛዝ እንደሚሰጥ ሰው።